ከመጋረጃ ኋላ የተሰማው ድምፅ

ባለፈው ሰሞን አዳማ ገበያ ውስጥ አንድ ጨርቅ ነጋዴ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ሲዘረጋ አይቼ ቆምኩ። ገዢ መስዬው ዋጋውን ነገረኝ፤ እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ መጋረጃ እንዲህ ያለ ነበር። አቧራና ጠመኔ ይሸት ነበር፤ የበጋው ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲያግለው ደግሞ የተተኮሰ ልብስ ሽታ ያመጣል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የከሰዓቱን ጊዜዬን በአብዛኛው ያሳለፍኩት ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ነው።

የሙዚቃና ድራማ ክበባችን አስታዋሽ ነበርኩ። የድራማውን ደብተር ይዤ እቆማለሁ፤ ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት በሹክሹክታ አቀብላለሁ። ለዚህ ሥራ የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበረና መድረክ ላይ መውጣት ስለምፈራ ነው። ኦርጋን የሚመታው ልጅ «የመጋረጃ አይጥ» የሚል ስም አውጥቶልኝ ነበር። በግቢው ውስጥ ባየኝ ቁጥር «አይጡ፣ ዛሬስ ምን ቆረጠምክ?» ይለኛል። ክበቡን የሚመሩት የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ደምሴ ግን ሥራዬን አክብረው እንድይዘው አስተምረውኛል።

ቲቸር ደምሴ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ትርዒት በኋላ ወለሉ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጥና «ምን ተበላሸ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም የራሱን ጥፋት ብቻ ይናገራል። የጓደኛውን ስም ያነሣ ለአንድ ወር ከክበቡ ይታገዳል። መድረክ ላይ የቆመ ሰው፣ መብራቱ ቢጠፋም፣ ሙዚቃው ቢዘገይም፣ ከኋላ ያለውን ሰው አሳልፎ አይሰጥም ይሉ ነበር። ይህን ሕግ ከሁላችንም አብልጣ የያዘችው ሃዊ ናት።

ሃዊ ከወንጂ በሚኒባስ እየተመላለሰች የምትማር፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ልጅ ነበረች። አባቷ ኦቦ ቶሌራ በስኳር ፋብሪካው የሸንኮራ መፍጫ ክፍል ይሠራሉ። የክበቡን ነገር አልወደዱትም። ልምምድ ሲያስመሻት ይጨነቃሉ፤ የማትሪክ ፈተናም እየቀረበ ነበር። ብዙ ከለመነቻቸው በኋላ፣ በወላጆች ቀን መጥተው እንደሚያዩ፣ ከዚያ ወይ እንደምትቀጥል ወይ እንደምታቆም እንደሚወስኑ ነገሯት። ይህን ለሁላችንም ነግራን ስለነበር፣ የዚያ ዓመት ድራማ የእርሷ ፈተና መሆኑን የማያውቅ የክበብ አባል አልነበረም።

ድራማው ልጇ በስደት መንገድ ላይ መሞቱ ስለተነገራት እናት ነበር። መርዶው ሲነገራት፣ እናቲቱን ሆና የምትጫወተው ሃዊ አትጮኽም፣ ደረቷንም አትመታም። ዝም ትላለች። ከረጅም ዝምታ በኋላ «ቁርሱን ሳይበላ ነው የወጣው» ትላለች፤ ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። ቲቸር ደምሴ የዝምታውን ርዝመት አልወሰኑላትም። «ትንፋሽሽ እስኪመለስ ጠብቂ፤ ማንም እንዳያስቸኩልሽ» ብለዋት ነበር። ይህን ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ሆኖም ደብተሩን በንጹሕ ስገለብጥ የሚነገረውን ቃል ብቻ ጻፍኩ። ዝምታው በእኔ ደብተር ውስጥ አልነበረም።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ኦቦ ቶሌራ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። መርዶው ተነገረ። ሃዊ ዝም አለች። ከልምምዱ ጊዜ ሁሉ የረዘመ ዝምታ ነበር። በመጋረጃው ስንጥቅ አባቷን አየሁ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። አፈሩባት ብዬ ደነገጥኩ። ደብተሬን አየሁ፤ ቀጣዩ ቃል እዚያው ነበር። ጠፍቶባታል፣ አባቷም ሊያስቀሯት ነው፣ ላድናት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ከመጋረጃው አጠገብ ማይክራፎን መቆሙንም ረሳሁ።

«ቁርሱን ሳይበላ ነው የወጣው!»

ገና እየጎረነነ ያለው ድምፄ በስፒከር አዳራሹን ሞላው። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። «እናትየው ወንድ ሆነች!» ብሎ ከኋላ አንዱ ጮኸ። ሃዊ ሳቁ እስኪበርድ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ከዚያ ያንኑ ቃል ቀስ ብላ ተናገረች፤ የሰማት ግን አልነበረም።

ሲያልቅ አባቷ ከአዳራሹ በር ውጭ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠበቋት። እኔ በሩ ላይ መጋረጃውን እያጠፍኩ ነበር።

«ጠፋብሽ?» አሏት።

ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር ኖሮ ትድን ነበር።

«አዎ አባ፣ ጠፋብኝ» አለች።

«ይህን ሁሉ ቀን ተመላልሰሽ ከጠፋብሽ፣ በቃ። ከእንግዲህ ትምህርትሽን ያዢ።»

መጋረጃውን እንዳቀፍኩ ቆምኩ። አፌን ልከፍት ነበር፤ አልከፈትኩም። ቲቸር ደምሴ በሳምንቱ ወንጂ ድረስ ሄደው ለመኑላት። ነገር ግን «ራሷ ነግራኛለች» ሲባሉ፣ ልጅቱን አባቷ ፊት ውሸታም ማድረግ ከበዳቸውና ተመለሱ። ሃዊ ወደ ክበቡ አልተመለሰችም። በግቢው ስታገኘኝ እንደ ቀድሞው ሰላም ትለኝ ነበር፤ እኔ ነበርኩ ዓይኔን የማሸሸው።

ባለፈው ሰሞን ከጨርቁ ሱቅ ወጥቼ መናኸሪያው ስደርስ፣ የወንጂን ሚኒባስ ከሚጠብቁት መካከል ኦቦ ቶሌራን አየሁ። ሸብተዋል፤ ባርኔጣቸው ግን በእጃቸው ነበር። ቀርቤ እጅ ነሣሁ።

«አካም ጅርታ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብለው።

የሃዊ የክበብ ጓደኛ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። አርሲ ነገሌ እንደምታስተምር፣ ሁለት ልጆች እንዳሏት በደስታ አጫወቱኝ። ከዚያ በላይ ልደብቀው አልቻልኩም።

«ኦቦ ቶሌራ፣ ያን ቀን ሃዊ ቃሉ አልጠፋባትም። ዝም ማለቷ የድራማው ነበር። ቸኩዬ የጮህኩት እኔ ነኝ።»

ባርኔጣቸውን ጥቂት አገላበጡት። «ጠይቄያት ነበር እኮ» አሉ። «ጠፋብኝ አለችኝ። ዋሽታኝ አታውቅም፤ አመንኳት።»

ሚኒባሱ መጥቶ ፊታችን ቆመ።

«ያኔ ዝም ስትል እናቴን ነው ያየሁት» አሉ ቀጥለው። «ወንድሜ የሞተ ጊዜ እናቴ ልክ እንደዚያ ነበር የሆነችው። እንባዬን ሰው እንዳያይብኝ አቀረቀርኩ። ከዚያ ሳቁ መጣ። እኔ የማለቅስባት ልጄ ለሰው መሳቂያ ስትሆን ጊዜ፣ ይዣት ልጥፋ አልኩ።»

ረዳቱ «ወንጂ! ወንጂ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ዞሩ።

«ለእኔ መንገርህ ደግ ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ብትነግረኝ ግን ልጄን አልከለክላትም ነበር።»

በቅርቡ ወደ ትምህርት ቤቴ ብቅ ብዬ የዛሬዎቹን የክበብ ልጆች አየኋቸው። ንግግራቸውን አስቀድመው በስልክ ይቀዱታል፤ መድረክ ላይ አፋቸውን ከድምፃቸው ጋር እያስተካከሉ ይጫወታሉ። ቃል የሚጠፋበት የለም፤ አስታዋሽም አያስፈልጋቸውም። ዝምታውም ተለክቶ የተቀዳ ነውና ማንም አያቋርጠውም። ጎበዞች ናቸው፤ ከልቤ አጨበጨብኩላቸው። እኛ ያን ያህል የጠራ ሥራ አልነበረንም። እኛ የነበረን ወለል ላይ ክብ ሠርተን የራሳችንን ጥፋት የምንናገርበት ሰዓት ነበር። በወላጆች ቀን ዕለትም በዚያ ክብ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ተናገረ። የእኔን ግን ሃዊ ይዛው ወጣች፤ እኔም ትይዘው ብዬ ዝም አልኩ።