ከሩቅ እየሳቃችሁ ኑ

ትናንት ቢሮ ውስጥ ጉልበትሽን የቀባሽው ቅባት ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ያ ቀዝቃዛ፣ ዓይን የሚቆነጥጥ፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የሚል ሽታ። አንቺ ክዳኑን እየገጠምሽ «ገናን በልተንና ተኝተን ከምንጨርሰው በየጠዋቱ ወክ እንውጣ» ስትይኝ፣ እኔ ሳላስበው «አልወጣም!» ብዬ ጮህኩብሽ። ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ሰው ለእግር ጉዞ ቢጋበዝ እንዲህ አይቆጣም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ላይ ተቀምጦ ሄደ፣ ተቀምጦ በላ፣ ተቀምጦ ተኛ። እኔ አስረኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ስኳር ተገኘበት። ሐኪሙ «መቀመጥ ይቀንሱ፣ በየቀኑ ይራመዱ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ አፍዎን ይጠብቁ» አለው። መድኃኒቱ የታዘዘው ለእሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ለአራታችንም አካፈለን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው የመኝታ ቤታችንን በር በመዳፉ እየደበደበ «ሞተር ይሙቅ!» ይል ነበር። እናቴ በሌሊት ልብሷ ላይ ጋቢ ደርባ፣ እኔ ዓይኔን በቅጡ ሳልገልጥ፣ የሰባት ዓመቱ ወንድሜ እያዛጋ ግቢው መሃል እንሰለፋለን። «አንደኛ ማርሽ!» ሲል ባለንበት እንራመዳለን። «ሁለተኛ!» ሲል ጉልበታችንን እናነሳለን። «ዳገት ነው፣ እንዳትለቁ!» ሲል ላብ እስኪያጠምቀን እንዘላለን። ግቢው ውስጥ ያሉት ተከራዮች መጋረጃቸውን ገለጥ አድርገው ያዩናል። ማታ ማታ ደግሞ እሱ ጉልበቱን ስለሚቀባ ቤቱ፣ አልጋው፣ ራታችን ሳይቀር ያንን ቅባት ይሸታል። እርር ድብን እል ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ንዴት ፍርሃት ነው። አባቴ ካልተራመደ ይሞታል የሚለውን ነገር የት እንደማስቀምጠው ስላላወቅሁ ተናደድኩበት።

ገና ደረሰ። በዋዜማው ቸርች ውስጥ የወጣቶች መዘምራን ፕሮግራም ስለነበረን ፀጉር ቤት ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ካስክ ውስጥ ተቀምጬ ፀጉሬን አሳምሬ ነበር። በማግስቱ አርፍጄ ልነሳ፣ ያንን ፀጉር ለጓደኞቼ ላሳይ ነበር ሐሳቤ። አባቴ ግን ከፕሮግራሙ ስንመለስ በር ላይ አቁሞን «ነገ እህቴ ቤት በእግር ነው የምንሄደው» አለ። «እዚያ የምንበላውን አስቀድመን እናቃጥለዋለን። ማንም እንዳይደውልላት፣ ድንገት ነው የምንደርስባት።»

አክስቴ፣ ማለትም የአባቴ ታላቅ እህት፣ የምትኖረው በወንጂ መንገድ ከተማው አልቆ ሸንኮራ አገዳው የሚጀምርበት ሰፈር ነው። በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል።

«በበዓል ቀን ሰው እንደ ሰው በባጃጅ አይሄድም?» አለች እናቴ።

«ስኳር ያለበት ባጃጁ ነው?» አላት። በዚህ አለቀ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። የታኅሣሥን የአዳማ ንፋስ ታውቂዋለሽ፤ አቧራውን ከመሬት አንስቶ ፊትሽ ላይ ነው የሚደፋው። ከተማውን ሳንጨርስ የሁለት ሰዓት ካስክ ገደል ገባ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናነበች፣ ለእኔም አንድ ሰጠችኝ። ወንድሜን አዲሱ የበዓል ጫማው ተረከዙን ልጦት ማልቀስ ጀመረ። እኔ ደግሞ ለማንም አንዲት ቃል ላልተነፍስ ምያለሁ። አባቴ ብቻ ከፊት ከፊት እጁን እያወናጨፈ፣ በአፍንጫው ሳብ፣ በአፉ ለቀቅ እያደረገ ይሄዳል። በየግቢው የታረደው ዶሮ ላባ እየተቃጠለ ይሸታል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ እኛ ብቻ መንገድ ላይ ነን።

አንድ ጋሪ ነጂ ከኋላችን ደርሶ ፈረሱን ገታ አደረገ። «አካም ቡልተን፣ ሰላም ነው? ምነው በጠዋቱ?» አለና እኛን አየት አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «ማን ነው?»

«ስፖርት ነው!» አለ አባቴ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሰውየው ተራ በተራ አየን። «አይዞአችሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ፈረሱን ነካ። ያኔ ሊገባን ይገባ ነበር፤ ግን ማን ልብ ብሎ!

ወደ አክስቴ ሰፈር የሚያስገባው ኩርባ ጋ ስንደርስ አባቴ አነከሰ። «እናንተ ቅደሙ፣ ጉልበቴን ልቀባ» ብሎ ከሸንኮራው የመስኖ ቦይ ዳር ተቀመጠና ሱሪውን ሰበሰበ። እኛም ከእሱ ማርሽ በመገላገላችን ደስ ብሎን፣ ግን ዝም እንዳልን ቀደምን።

አክስቴ የእጣቢ ውኃ ልትደፋ ሳፋ ይዛ ወጥታ ነበር። ከሩቅ አየችን። ፀሐይ በቅጡ ሳትወጣ፣ በእግራችን፣ ተከናንበን፣ ወንድሜ እያለቀሰ፣ የእኔ ፊት በኩርፊያ አብጦ። ስኳር ያለበት ሹፌር ወንድሟ ደግሞ ከመካከላችን የለም። ሳፋው ከእጇ ወደቀ።

«ወንድሜን! ወንድሜን ምን አደረጋችሁት!»

እናቴ «ኧረ ደህና ነው! ኋላ ነው ያለው!» እያለች ሮጠች። ግን መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ምን ይላል? «ደህና ነው» ነው የሚለው! አክስቴ ይባስ ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ጎረቤት ወጡን እሳት ላይ ትቶ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ ይባስ ብሎ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ደረሰ። እኔ በእፍረት ቦዩ ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ በኩርባው ብቅ አለ። ያየው የእህቱን ደጅ በአልቃሽ ተሞልቶ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ወረወረና «እህቴን! እህቴን!» እያለ እያነከሰ ሮጠ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ወንድምና እህት አንዱ ለሌላው እያለቀሱ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጸጥ ባለው ደጅ የቅባቱ ሽታ ብቻ ቀረ።

አክስቴ ጫማዋን አውልቃ መታችው። ከዚያ አንገቱን አንቃ ሳመችው፣ ደግሞ መታችው። «ሁለተኛ በማለዳ ስትመጡ ከሩቅ እየሳቃችሁ ኑ! ሳቃችሁን ሳልሰማ አልከፍትም!» አለች። ያን ቀን በሞቴ እያለች በእጇ አጎረሰችው። «ኧረ ስኳሬ!» ሲላት «አንዴ ሞተህ አልቅሼልሃለሁ፣ ምንም አያደርግህም» አለችው። ስንመለስም ባጃጅ ጠርታ አራታችንንም እየገፋች አስገባችን።

ይሄ ለአባቴ ትምህርት ሆነው ብትዪ፣ አልሆነውም። በየዓመቱ ገናን በእግር መሄዳችን ቀጠለ። ኩርባው ጋ ስንደርስ አባቴ «በሉ፣ ሳቅ!» ይላል። በባዶ ሆድ፣ አቧራ እየቃምሽ በትእዛዝ መሳቅ እንዴት እንደሚያበሽቅ አልነግርሽም። ግን የውሸቱን ስንጀምር ወንድሜ እንደ ፍየል ስለሚስቅ የእውነቱ ይመጣል። አክስቴ ከደጇ «ሰማሁ!» ትላለች። ቀጥላ «እሱስ?» ስትል እኛ «ኋላ ነው፣ ጉልበቱን እየቀባ!» እንላለን። አራት ገና እንዲህ አለፈ።

ከአራተኛው ገና በኋላ፣ በመጋቢት፣ አባቴ ሞተ። ስኳሩ እንኳ አይደለም፤ ልቡ ነው። ከመንገድ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ወንበሩ ላይ። ያን ሁሉ ማርሽ ቀያይረን፣ ያን ሁሉ ዳገት ዘለን ተቀምጦ ሞተ። እስካሁን ተናድጄበታለሁ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሰፈር ሽማግሌዎች ጋር ኩርባው ድረስ በመኪና ሄድንና ወርደን በእግር ቀጠልን። ስለበረደኝ የእሱን ጃኬት ለብሼ ነበር። እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት ቅባቱን አገኘሁት፣ ግማሽ ደርሷል።

አክስቴ ከቤት ወጣች። አየችን። እኔ ጩኸቷን እየጠበቅሁ ጥርሴን ነከስኩ። እሷ ግን እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች።

«አልሰማሁም! ሳቁ እንጂ!»

ሽማግሌዎቹ ቆሙ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ምነው ያለ በዓሉ? ሳቁ እንጂ፣ ልክፈት!» አለች አክስቴ። በእኛ ትከሻ አሻግራ ወደ ሸንኮራው፣ ወደ ኩርባው አየች። «እሱስ? ዛሬም ኋላ ቀረ?»

ሁልጊዜ የምመልስላት እኔ ነበርኩ። መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። እጄ ኪሱ ውስጥ ቅባቱን ጨበጠ። እሷ እጇን ከጆሮዋ ሳታወርድ ጠበቀችኝ።

ለዚህ ነው የጮህኩብሽ፣ አትቀየሚኝ። ነገ አስራ አንድ ሰዓት በሬ ላይ እጠብቅሻለሁ፣ ቅባትሽንም ይዘሽ ነይ። በሰው ደጅ ስናልፍ ግን እየሳቅን እንለፍ።