ሳፋ የሌለው ጎማ ጠጋኝ

ከአሥመራ ወጣ እንዳሉ፣ ዓዲ ኣበይቶ መንገድ ዳር የሚቀመጠው የብስክሌት ጎማ ጠጋኝ ሳፋ አልነበረውም። ሌላው ጠጋኝ ሁሉ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩ ላይ ያንሸራትተዋል፤ ቀዳዳው በትንፋሹ ይነግረዋል። በዚያ ፀሐይ ካኪ ኮቱን እስከ አገጩ ቆልፏል። ስመኝ ጣቶቹን አየች፤ ሦስቱ ጥፍር የላቸውም።

እሷና ባሏ ንዋይ እሁድ እሁድ በብስክሌት እየዞሩ ፎቶ ያነሳሉ። በሥራ ቀን ንዋይ የሚውለው የጃንሆይ ምስል በተሰቀለበት ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ «የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ» ብሏታል። ዛሬ የእሷ ጎማ ተነፈሰ።

ንዋይ ከጎረቤት ውሃ በሳፋ ለምኖ አመጣና ካሜራውን አወጣ። «እዚህ ንከረው፤ ለፎቶ ያምራል። ጎንበስ በል!»

«ኣይፋል፣ አይሆንም ጎይታይ፤ ውሃው ይቅር» አለ ሰውየው። ጎማውን ከሳፋው አራቀ።

«አንተ፣ ጎንበስ በል እንጂ!» ንዋይ እየሳቀ ማጅራቱን ጫን አደረገው።

ሳፋው በእርግጫ ተገለበጠ። የሰውየው የብረት ጎማ መንፊያ የንዋይ አፍ ላይ አረፈ፤ ደግሞ አረፈ። ስመኝ ጮኸች። ካሜራው ላይ ደም ተንጠባጠበ።

ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። ጎማውን ለጥፎ፣ በዚያው መንፊያ ነፍቶ፣ ብስክሌቱን ለስመኝ አቀበላት።

«ይቅርታ እመቤቴ» አላት፤ «እዚያ ፖሊስ ጣቢያ ግን፣ ጭንቅላቴን ነክረው ከውሃው ባወጡኝ ቁጥር፣ ባልዎ ካሜራቸውን ይዘው ‹ቀና በል› ነበር የሚሉኝ።»