«ደምህ ከፍ ብሏል» ብለው ሸኙኝ

በመጀመሪያ ያመመኝ ቀኝ ትከሻዬ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቡታጅራ ገበያ ዳር፣ የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ነበር የምሠራው። ልብስ ሰፊን ትከሻውን ቢያመው ማን ይገርመዋል? ቀኑን ሙሉ እንዳጎነበሰ ነው የሚውለው። እኔንም አልገረመኝም። ባለቤቴ ከድጃ ቅቤ አሙቃ አሸችኝ። ሳምንት አለፈ፣ አልተወኝም። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ክንዴን ወደ ኋላ ጠምዝዞ «ጅማት ዞሮብሃል» አለኝ። ከእሱ ስመለስ ለሁለት ቀን መቀስ ማንሳት አቃተኝ።

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። አሁን የምጽፈው፣ ከላቦራቶሪ የወጣ ወረቀት ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር አይቶ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አጥቶ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔ እንደዚያ ሆኜ ወራት ተቀምጫለሁ። እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ጨመረበት። ከቀትር በኋላ ይጀምረኛል፣ ማታ በላብ እጠመቃለሁ፣ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ሰው እነሳለሁ። የቡታጅራ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢውና መርፌ ወጊው አቶ ተስፋዬ፣ ከሰሜን መጥቶ እኛው ዘንድ ቤት የሠራ ደግ ሰው ነው። «ቆላ ወርደህ ነበር?» አለኝ። የከድጃ ቤተሰቦች ቆሼ የምትባል ቆላ ከተማ ስለሚኖሩ ወርጄ ነበር። «ወባ ነው» አለና ክሎሮኪን ሰጠኝ። እውነትም ተሻለኝ። ለአሥር ቀን ያህል ሰው ሆንኩ። ከዚያ ሁሉም ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ደረቅ ሳል ይዞ መጣ። በቀኝ ጎኔ መተኛት አልችልም። የራሴን ሱሪ ወገብ ሁለት ጊዜ አጠበብኩ። የሰው ወገብ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝና ስንት ጣት እንደከሳሁ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

አቶ ተስፋዬ «ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ሦስት ቀን ተሰልፌ ደም ሰጠሁ፣ አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሳሁ። በአራተኛው ቀን ወደ አንድ የውጭ አገር ዶክተር አስገቡኝ። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ወደ እኔ ዞረ።

«ደምህ ከፍ ብሏል» አለኝ።

«ምኑ ነው ከፍ ያለው?»

«ኢ.ኤስ.አር.»

«እሱ ምንድን ነው?»

«የደም ምርመራ ነው» አለኝ።

ዶክተሩ ያን ሁሉ ተናግሮ ለእኔ የደረሰኝ ይህ ነው። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ራሴ አነበብኩት፤ መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ከጎኑ ጤነኛ ሰው ከአሥራ አምስት እንደማይበልጥ ተጽፏል። አክታዬ ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም። ራጁ ላይ ግን ከቀኝ ሳንባዬ ሥር ጥላ አለ ተባለ። ሳል፣ ላብ፣ መክሳት፣ ጥላ፣ መቶ አሥራ ሁለት። «ቲቢ ነው» አሉኝ። ስትሬፕቶማይሲን መርፌና አይ.ኤን.ኤች. የሚባል ክኒን አዘዙልኝ። መርፌውን አቶ ተስፋዬ እንዲወጋኝ ደብዳቤ ይዤ ቡታጅራ ገባሁ።

ቲቢ የሚለውን ቃል ይዞ ከቤት መግባት ምን እንደሚመስል የገባበት ያውቀዋል። ከድጃ አላለቀሰችም። ብርጭቆዬን ለየች፣ መኝታዬን ለየች። ልጃችን ሰሚራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ታናሿ ሙስጠፋ ገና ጡት አልጣለም። በሳምንቱ ሰሚራን ቆሼ አያቷ ዘንድ ላከቻት። ሙስጠፋን ጎረቤት ዘንድ ታሳድረዋለች፤ ቀን ቀን እየሄደች ታጠባዋለች። እኔ ልጄን በመስኮት ነበር የማየው። ደንበኞቼም አንድ በአንድ ቀሩ። የሚያስል ሰው የሰፋውን ልብስ ማን ይለብሳል? አልፈረድኩባቸውም።

ቁጥሩን ግን የማይተረጉም ሰው አልነበረም። አማቴ ከቆሼ መጡና «ደሙ ከፍ ካለ በዝቷል ማለት ነው፣ ይቀነስ» አሉ። በዋግምት ደሜን አስመጠጡኝ። ያን ጊዜ ፊቴ እንደ ቆጮ ነጥቶ ነበር፤ የቀረችኝን ደም ነው ያስወጡብኝ። ሌላው «ደም ብዛት ነው፣ ጨው ተው» አለኝ። ጨው ተውኩ። ጎረቤቴ «ቁጥሩ መቶ ካለፈ ካንሰር ነው» ብሎ ለከድጃ ሹክ አላት። እሷም ሳትነግረኝ ብቻዋን ተሸክማው ከረመች። አቶ ተስፋዬን ስጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ብቻ መድኃኒቱ ያወርደዋል» አለ።

አላወረደውም። ስድስት ሳምንት በየቀኑ ተወጋሁ። ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ትኩሳቱ እንዳለ ነው። አዲስ አበባ ተመልሼ ደም ሰጠሁ። መቶ ሃያ ስምንት።

የዚያን ቀን ሌላ ሐኪም ነበር፣ አማርኛ የሚናገር። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«መድኃኒትህን በትክክል ትወስዳለህ?»

«አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

«ታዲያ ለምን ጨመረ?»

እኔን ነው የሚጠይቀው። ቀኑን ሙሉ ተጉዤ፣ ሦስት ቀን ተሰልፌ፣ ልጠይቀው የመጣሁትን ጥያቄ እሱ ጠየቀኝ። «ክኒኑን ትጥለዋለህ መሰለኝ» አለና ያንኑ መድኃኒት በድጋሚ ጽፎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እንደምሞት ያን ጊዜ አመንኩ።

ቡታጅራ አልተመለስኩም። የጅማ መንገድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወልቂጤ ወረድኩ። ታላቅ እህቴ ዘይነባ እዚያ ነው ያገባችው። ልሰናበታት ነበር የሄድኩት። እሷ ግን ስንብት የምትቀበል ሴት አይደለችም። በር ላይ አየችኝ፣ ሰላምታዬን ተቀበለች፣ አስቀመጠችኝ፣ አበላችኝ።

«ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አለችኝ።

«አዲስ አበባ ያላወቀውን ወልቂጤ ያውቀዋል?»

«የማያውቅ ከሆነም አላውቅም ይበለን። ዋሸሁ?»

ለመከራከር የሚሆን አቅም አልነበረኝም።

የወልቂጤ ጤና ጣቢያ ኃላፊ አቶ አበራ ይባላል። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። «ዶክተር» ስለው «ዶክተር አይደለሁም፣ ጤና መኮንን ነኝ» ብሎ አረመኝ። ወረቀቶቼን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። አላያቸውም። ወደ ጎን ገፋ አደረጋቸውና «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ስለ ትከሻዬ ነገርኩት። ስለ ክሎሮኪኑ ስነግረው ቀና አለ።

«ተሻለህ? ለስንት ቀን?»

«አሥር ቀን ያህል።»

«ከትከሻው በፊትስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ታመህ ታውቃለህ?»

ታምሜ ነበር። ትከሻዬን ከማመሙ ከሦስት ወር በፊት፣ ሳምንት ሙሉ። ከኮሶም ከምኑም ቆጥሬው ረስቼዋለሁ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ትከሻን ከሆድ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ብዬ አላሰብኩም።

አስተኛኝ። አንድ ጣቱን በቀኝ በኩል ከታችኞቹ ጎድኖቼ መካከል አሳርፎ ጫን አለ። ጮኽኩ። ዘይነባ ከውጭ ሮጣ ገባች።

«ቲቢ አይመስለኝም» አለ አቶ አበራ። «ጉበትህ ውስጥ መግል ቋጥሯል። ከተቅማጡ የተነሳ ነው፤ አሜባ ይባላል። ጉበት ከላይ በኩል ሲቆጣ ሕመሙን ትከሻ ላይ ነው የሚያወጣው። ራጁ ላይ ያዩት ጥላም ሳንባህ አይደለም፤ ጉበትህ አብጦ ሳንባህን ወደ ላይ ገፍቶት ነው። ያ የወባ ክኒን ጉበት ውስጥ ስለሚሠራ ትንሽ አስታገሰልህ እንጂ ወባ አልነበረም።»

ይህን ሁሉ በአማርኛ ነው የነገረኝ። ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ቁጥሩን ጠየቅኩት። ሳቅ አለና ወደ ላቦራቶሪው ክፍል ወሰደኝ። ከክንዴ ደም ቀድተው በረጅም ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀጥ አድርገው አቆሙት። «ተቀመጥና እየው» አለኝ። አየሁት። ቀዩ ደም ቀስ እያለ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላዩ ቢጫ ውኃ እየቀረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ መለካት ነው፤ ኢ.ኤስ.አር. ማለት ይኸው ነው። ሰውነት ውስጥ የተቆጣ ነገር ሲኖር ቀዩ እርስ በርሱ ይጣበቅና ቶሎ ይወርዳል። የእኔ ፈጥኖ ወረደ።

«ታዲያ ቁጥሩ በሽታዬን አያውቀውም?» አልኩት።

«ውሻ ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ? ጅብ ይሁን ሌባ ይሁን እንግዳ ውሻው አይነግርህም። ተነስቶ ወጥቶ ማየት የባለቤቱ ፋንታ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ጎኔን አደንዝዞ ረጅም መርፌ ከጎድኖቼ መካከል አስገባ። «አትተንፍስ» አለኝ። አልተነፈስኩም። ዘይነባ እጄን ይዛለች። የመጣው ነገር ድልህ ይመስላል፤ ቡናማ ቀይ፣ ወፍራም፣ ሽታ የሌለው። አንድ ጠርሙስ ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ። ትከሻዬን ለወራት ያስጨነቀው ሕመም እዚያው አልጋ ላይ እንዳለሁ ለቀቀኝ። እንዲያውም ትከሻዬ የት እንደነበር ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ቀን ኤሜቲን የሚባል መርፌ ወጋኝ። መድኃኒቱ ልብን ስለሚያደክም ከአልጋ መነሳት ክልክል ነው፤ ሶላቴን እንኳ ተኝቼ በዓይኔ ጥቅሻ ነበር የምሰግደው። አቶ አበራም ጠዋትና ማታ እየመጣ የልቤን ምት ይቆጥራል፤ የቲቢውን መድኃኒት አስቆመኝና በኋላ ያንኑ ክሎሮኪን በአግባቡ ለሦስት ሳምንት አዘዘልኝ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ቀረ። በሰባተኛው ቀን የዘይነባን ቆጮ በጎመን ጠይቄ በላሁ፣ እሷም ዞር ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በቸሃ መንገድ በኩል ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቀስ እያልኩ እራመድ ነበር፤ መጀመሪያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ኋላ እስከ ገበያው፣ በመጨረሻም ሳላርፍ ደርሶ መልስ። ኢ.ኤስ.አር. ስልሳ ሆነ፣ ከዚያ ሠላሳ። ከሦስት ወር በኋላ አሥራ አራት።

ቡታጅራ የገባሁ ቀን ከድጃ የለየችውን መኝታ መልሳ አንጥፋ ጠበቀችኝ። «የሰሚራ አባት፣ ካንሰር ነው ብለውኝ ነበር» አለችኝ፤ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ሙስጠፋ ሊመጣብኝ አልፈቀደም፤ ከእናቱ ኋላ ተደብቆ እንደ እንግዳ ሰው አየኝ። እስኪለምደኝ ድረስ አንድ ወር ፈጀ። ከበሽታው ይልቅ ይህ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። አንድ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ያ ወር አይኖርም ነበር።

በዓመቱ ለአቶ አበራ ሙሉ ልብስ ሰፍቼ ወልቂጤ ሄድኩ፤ ልኩን በዓይኔ ገምቼ ነበር። ተዛውሯል አሉኝ። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አጣሁ። አንዱ ጎንደር አለኝ፣ አንዱ ሐረር። ሁለቱም ጋ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። ስለዚህ ምስጋናዬን እዚህ አስቀምጣለሁ። በሕይወት ካለ አላህ ዕድሜውን ያርዝመው። ዘይነባንም፣ ብቻዋን ያን ሁሉ የቻለችውን ከድጃንም፣ ያቅሙን ያደረገውን አቶ ተስፋዬንም አመሰግናለሁ።

አንተ ደግሞ፣ ወይም አንቺ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ የተቀመጣችሁ፤ ከፍ ያለ ኢ.ኤስ.አር. የበሽታ ስም አይደለም። ስም ነው ብሎ የሚነግራችሁን ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን ባለ ነጭ ካባ፣ «ከየት እንደመጣ ታውቋል?» ብላችሁ ጠይቁት። አልታወቀም ካለ፣ ፍለጋው አላለቀም ማለት ነው። መድኃኒት ጀምራችሁ ቁጥሩ ካልወረደ፣ ራሳችሁን ከመውቀስ በፊት ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ካልሰሟችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። በራሳችሁ ግን መድኃኒት አታቋርጡ፤ የእኔ ቲቢ ያልነበረ ቢሆንም፣ የብዙ ሰው ቲቢ እውነተኛ ቲቢ ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያመማችሁን ሁሉ ንገሩ፤ የተረሳውን፣ የሚያሳፍረውን፣ የማይገናኝ የመሰላችሁን። እኔ ሆዴን ሳልናገር ትከሻዬን ሳሳሽ ልሞት ነበር።