ከገዳሪፍ ግቢ ወደ ፋው ግቢ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከሱቄ ጀርባ፣ ከተሰበሩት ስክሪኖች ክምር አጠገብ፣ ያገሬ ልጆች «ግቢ» የሚሉት አንድ ያረጀ ኮምፒውተር አለ። በፀሐይ ኃይል ይሠራል። የጫንንበት ፕሮግራም የማንም ኩባንያ ንብረት አይደለም፤ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የፈለገ ወስዶ የራሱን ማኅበራዊ መድረክ ያቆምበታል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አቆምንበት። ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡት የጎንደርና የመተማ ሰዎች ይጻጻፉበታል፣ ፎቶ ይለጥፉበታል፣ ይተራረቡበታል። ስድብ ሲበዛ በር የምዘጋው እኔ ነኝ። ጉራ ካላችሁት ጉራ ነው፣ ይገባኛል።

ከኛ በኋላ እዚሁ ሱዳን ሾዋክ ከተማ ያሉ ልጆች የራሳቸውን ግቢ ከፈቱ፤ ቀጥሎ መተማ፣ ቀጥሎ ፋው። እያንዳንዱ የራሱ ዘበኛና የራሱ ሕግ አለው። ሾዋኮች ከእግር ኳስ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዘር ቆጥሮ የሚሳደብ አያድርም። ግን ግቢዎቹ ሁሉ የሚግባቡበት አንድ የጋራ ደንብ ስላላቸው፣ እኛ ግቢ የተቀመጠ ሰው የሾዋኩን ሰው ይከተላል፣ የጻፈውን ያነባል፣ ይመልስለታል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም። የሰውየውን ስምና የግቢውን ስም አንድ ላይ መጻፍ ብቻ ነው።

ይህን ሰው እንዲያምን ማድረግ ግን ከኮምፒውተሩ ሥራ ይልቅ አድክሞኛል። የዚህ ድንበር ሰው ሲም ካርድን በዓረብኛው ሸሪሃ ይለዋል። ከመተማ ሲሻገር ያገሩን ሸሪሃ አውጥቶ በነጠላው ጫፍ ወይም በመሐረቡ ይቋጥርና የሱዳኑን ይከታል፤ ሲመለስ ይቀይራል። የተቋጠረው ሸሪሃ እስኪመለስ ድረስ አይናገርም። እና ሰዉ ግቢዎቹንም እንደዚያ ቆጠራቸው። ሾዋክ ሲሄድ የሾዋክ ስም ያወጣል፣ ገዳሪፍ ሲመጣ የገዳሪፍ፤ የተወውን ዘወር ብሎ አያየውም። ስለፈልፍ እውላለሁ፣ ሰሚ የለም።

ጎረቤቴ ለአጫጆች ምግብ የሚያበስሉ ሴት ናቸው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ እኛ ግቢ ስም ያላት። ባለፈው ክረምት የእርሻ ሥራ አገኛለሁ ብላ ወደ ፋው ሄደች። ከጦርነቱ ወዲህ የስልክ መስመሩ አንድ ቀን ቢኖር ሌላ ቀን የለም፣ ቁጥሯም ጠፋ። እናትየው እየመጡ በድሮ ስሟ የድምፅ መልእክት ይልኩላታል፤ መልስ የለም። ከፋው መንገድ የሚመጣው ወሬ ሁሉ ክፉ ነበር።

ወራት አለፉ። የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና «ቁርጧን ትወቅና ለቅሶ እንቀመጥ» አሉ። መተማ ያሉ ዘመዶችም ሰምተው ጥቁር ለብሰዋል፣ እሑድ ሊቀመጡ ነው። እናትየው ግን «ሬሳዋን ያየ ይምጣና ያርዳኝ» ብለው ወገቤን አሉ። ከዚያ እኔ ሱቅ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እቴ፣ አንቺ እንዲያው የማታገኚው ነገር የለም ይሉሻል።»

«እትዬ፣ ስልክ ነው የማገኘው።»

«ልጄንም አግኚልኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም አለቅም። የልጅቷን ፎቶ ለጠፍኩ፤ «እናትሽ ገዳሪፍ ሆና ትፈልግሻለች። ይህን ያየ ሁሉ ወደሚያውቀው ግቢ ያሳልፍ፣ ባላችሁበት ሆናችሁ እዚሁ መልሱልኝ» ብዬ ጻፍኩበት። እኛ ግቢ ፋውን የሚከተል ሰው አልነበረም። ሾዋኮች ግን ፋው ውስጥ ኳስ የሚያዩ ጓደኞች አሏቸው። ስቀልድባቸው የኖርኩት ልጆች ፎቶውን ተቀብለው አሳለፉት።

በማግስቱ ጠዋት የአንድ ሰው ስልክ ፈትቼ ካቻቢቴ በእጄ እንደያዝኩ መልስ ገባ። የግቢው ስም ፋው ይላል። የድምፅ መልእክት ነው። ካቻቢቴውን ጣልኩት። ሮጬ እናትየው ድስታቸው አጠገብ ደረስኩና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«እማ፣ ወላሂ ተማም ነኝ፣ ደህና ነኝ! ስልኬ ተሰረቀ። እዚህ ፋው ግቢ አዲስ ስም አወጣሁ፤ ከዚህ ሆኜ ወደ ገዳሪፍ ግቢ የምጽፈው የሚገባ አልመሰለኝም። ገዳሪፍ ስመለስ በድሮው እጽፍልሻለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። መንገዱ ደግሞ ተዘጋብኝ።»

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ወር በሩ ክፍት ነበር፤ የሚያንኳኳ ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ወዲያው ደግሞ ኮራሁ፣ ደረቴ እስኪጠበኝ ኮራሁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለ ገዳሪፍ የት ያውቃሉ? ይህችን ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ ያደረሷት ፋው፣ ሾዋክና እኔ ነን።

እናትየው አላለቀሱም። መልእክቱን ደግሜ እንዳሰማቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ። ደገምኩት። ልጅቷ ሳቅ ያለችበት ቦታ ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሷ ናት» አሉ። «ሳቋ ነው።»

መልስ እንዲልኩላት ስልኩን ሰጠኋቸው። ተቀብለው አፋቸው ድረስ አድርሰው መለሱት።

«ቆዪ። ይኼ ነገር መተማም ይሰማል?»

«ይሰማል፣ እትዬ። የዘመዶችዎ ልጅ እዚያ ግቢ ስም አለው።»

«እዚሁ ቆሜ?»

«እዚሁ ቆመው።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ እንግዳ ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ስልኩን አፋቸው ዘንድ ያዝኩላቸው፤ አጫጆቹ ምግባቸውን ትተው ከበቡን።

«የመተማ ዘመዶቼ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ አለች። ድምፅዋን በጆሮዬ ሰማሁት። ጥቁር የለበሰ ያውልቅ።»