በሕይወት ያለ ሰው ይምረጡ

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት... ዲላ ዩኒቨርሲቲ፣ መስኮቱ በካርቶን የተሸፈነ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን። እማማ ብርቄ ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ የተሰካካበት ቆብ አድርገዋል። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

ዶክተሩ የአንጎል ተመራማሪ ነው። ህንድ አገር ሲማር ከቡድሂስት መነኮሳት ጋር መቀመጥ ለምዷል። ዓይን ጨፍኖ ትንፋሽን መከታተል፤ ከዚያ አንድ ሰው በሐሳብ ይዞ «ደህና ሁን፣ ሰላም ሁን» እያሉ መመኘት። መነኮሳቱ ይህን ሲያደርጉ አንጎላቸው ምን እንደሚሆን በመሣሪያ ተለክቷል ይላል። ቀኑን ሙሉ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብለው ብልሹውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩት የኢዲዶ ቀበሌ ሴቶችስ ሳያውቁት ያንን እርጋታ አግኝተውት ይሆን? ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው። እኔ የኢዲዶ ተወላጅ ነኝ፤ ዲላ አስተምራለሁ፤ ከጌዴኡፋ ወደ አማርኛ እተረጉምለታለሁ።

እማማ ብርቄ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ናቸው። አንድ ያልሰሙት ነገር ግን ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ልጃቸው እስራኤል ደቡብ አፍሪካ መሞቱ ተሰማ። ዘመድ መክሮ መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንዲነገራቸው ወሰነ፤ ሴት ልጃቸው ከሞያሌ እስክትደርስ። ከነጋሪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። የሐሙሱ ቀጠሮ ይቅር ብዬ ነበር። ወንድማቸው «ከቀረች ትጠረጥራለች፤ ውሰዳት» አለኝ። ለዶክተሩ አልነገርኩትም። ፊቱ ምስጢር አይችልም።

«ይሄ ጸሎት ነው?» አሉ እማማ ብርቄ ቆቡን እየነካኩ።

«አይደለም እማማ፣ መልካም ምኞት ነው» አለ ዶክተሩ።

«ምኞት ከሆነ ጥሩ። ጸሎት ከሆነ ፓስተሩን አስፈቅዳለሁ። በዚህ ቆብ ካየኝ ደግሞ ጸሎቱን ለእኔ ያደርገዋል።»

ዶክተሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ትንፋሽ መከታተሉ ተጀመረ። ጥቂት ቆይተው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «እጄ ሥራ ፈታ። ምን ላድርገው?»

«ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት።»

«እሺ... እጅ ሲቀመጥ ግን ሐሳብ ይነሳል።»

ከዚያ ዶክተሩ «አሁን አንድ የሚወዱት ሰው ይምረጡ» አለ። «በሕይወት ያለ ሰው ይሁን። መነኮሳቱ ለዚህ ልምምድ የሞተ ሰው አይመርጡም። ሐሳብ አይረጋም ይላሉ።»

በካርቶን የተሸፈነውን መስኮት አየሁ።

«ተርጉምላቸው እንጂ» አለኝ።

ተረጎምኩ። ምንም ሳልዘል።

እማማ ብርቄ «እስራኤል» አሉ።

ዶክተሩ ስሙን ጻፈ። «ልጃቸው ነው? የት ነው ያለው?»

«ደቡብ አፍሪካ» አልኩት።

ደህና ሁን... ሰላም ሁን... ክፉ አያግኝህ። ሦስተኛዋን የጨመሩት ራሳቸው ናቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ዶክተሩ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። መጀመሪያ ሲንቀጠቀጥ የነበረው የአንጎላቸው መስመር ዝግ ብሏል፤ ረግቷል።

«እንዲህ የጠራ ቀረጻ እዚህ አግኝቼ አላውቅም» አለኝ በሹክሹክታ። ደስታው ያስታውቅ ነበር። ቆቡን ለመፍታት ጥጥና ውሃ ሊያዘጋጅ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

እማማ ብርቄ ዓይናቸውን ሳይገልጡ በጌዴኡፋ ጠሩኝ።

«መምህር፣ መቼ ነው የምትነግሩኝ?»

«ምኑን?»

«ስልኬን ይጠገን ብላችሁ ወሰዳችሁ፤ አልተበላሸም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቤቴ የገባ ሁሉ ብይ፣ ጠጪ ይለኛል። ልጅሽ ደወለ ወይ የሚለኝ ግን ጠፋ። እኔኮ ስንት ቤት መርዶ ይዤ የሄድኩ ሴት ነኝ።»

ዞር ብዬ ዶክተሩን አየሁ።

«አሁን እንዳትነግረኝ» አሉ። «ልጄ ከሞያሌ ቅዳሜ ትገባለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ነው አይደል? ቅዳሜ ይሁን። እስከዚያ የነገረኝ ሰው የለም። በሕይወት ያለ ምረጪ አላችሁኝ... መረጥኩ።»

ዶክተሩ ጥጡን ይዞ ተመለሰ። «ምን አሉ?»

«ቆቡ ይሞቃል አሉ።»

«ውይ፣ ይቅርታ እማማ» ብሎ እየተጣደፈ ፈታላቸው።

ወደ ኢዲዶ ስንመለስ መኪና ውስጥ ስለ ዝናቡ አወሩኝ። ፍሬው አልጋ ላይ እንዳለ እንዳይመታው ሰግተዋል። እኔም ስለ ዝናቡ መለስኩላቸው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ስድስት ሆነን ሄድን። በሩ ክፍት ነበር። ደጁ ተጠርጓል። አግዳሚዎቹ ከቤት ወጥተው ግድግዳውን ተጠግተዋል። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሽማግሌው የልጁን ስም ከመጥራቱ መሬት ላይ ወደቁ።

ብዙ ለቅሶ ቤት ደርሻለሁ። ያ ጩኸት የማስመሰል አልነበረም። አውቀው የቆዩ ሴት ጩኸትም አይመስልም። ገና በዚያች ደቂቃ የሰሙ እናት ነበሩ።

ሰኞ ዶክተሩ ደወለልኝ። «እማማ ብርቄን ለሁለተኛ ዙር አምጣልኝ። ያንኑ ሰው ይምረጡ፤ እንዳይቀየር» አለ።

ያን ጊዜ ነገርኩት። ሐሙስ ምን እንደማውቅ፣ እሳቸው ምን እንዳሉኝ፣ ሁሉንም።

የላፕቶፑን ቁልፎች ሲጫን ተሰማኝ።

«መስመሩ ግን ረግቶ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ረግቶ ነበር... እስከ ቅዳሜ።