የሃያኛው ቀን ማኪያቶ

ሲስተር ሰርክአዲስ አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሱስ ታካሚዎችን ስታማክር ስድስት ዓመት ሆኗታል። ምክሯ አጭር ነው፤ «አልጠጣም በል። አለቀ።» ይህችን ምክር በዲግሪ ላይ ዲግሪ ልታስጌጣት ፈልጋ፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ ስለ አልኮልና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ በኦንላይን ማስተርስ ጀመረች። ቅዳሜ ጠዋት ከወገቧ በላይ የቢሮ ጃኬት፣ ከወገቧ በታች የቤት ቀሚስና ነጠላ ጫማ አድርጋ ላፕቶፗ ፊት ትሰየማለች።

በሁለተኛው ሴሚስተር መምህሯ ዶክተር ኢዩኤል ከስክሪኑ ውስጥ አንድ የቤት ሥራ አዘዘ። እያንዳንዱ ተማሪ የለመደውን አንድ ነገር ለሃያ አንድ ቀን ይተዋል፤ በየቀኑ የደረሰበትንም ጽፎ ያስረክባል። የኮርሱ ግማሽ ውጤት በዚህ ላይ ነው። አንዱ ስልኩን፣ ሌላዋ ስኳር መረጠች። ሰርክአዲስ ማኪያቶ አለች። ማኪያቶ ደግሞ ምን አላትና!

ሰኞ ዕለት ለታካሚዋ ለደምመላሽ ፎከረችለት። ደምመላሽ አናጺ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ አረቄ ካላንቀጠቀጠው። ለአስራ አራተኛ ጊዜ አቁሞ ለአስራ አራተኛ ጊዜ በመጀመሩ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«እኔን እይ» አለችው። «ሃያ አንድ ቀን! አንዲት ጠብታ ብቀምስ ሰርክአዲስ አትበለኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ሱፊያን ካላወራሁ ነገሩ አይገባም። ሱፊያን ባለ ካፌ ነው፤ ሰርክአዲስ የእሱን ባንኮኒ ተደግፋ በቀን ሁለቴ ማኪያቶ ስትጠጣ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። የፒያሳው ሰፈር ፈርሶ ሰው ሲበታተን፣ ሱፊያን ባንኮኒውን አስጭኖ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ወረደ፤ እሷም ባንኮኒውን ተከትላ ወረደች። በጾም እንኳ ጥቁሩን ትጠጣለች እንጂ አትቀርም። እንዲህ ያለች ደንበኛ በፍስክ፣ በደህና ጤናዋ ድንገት ስትጠፋ አራዳ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተጣልተዋል!

የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻዋ «ቀላል ነው» ይላል። በሦስተኛው ቀን ራሷን በሻሽ ጠፍራ አስራ፣ የሙቀት መለኪያውን «ምን ታፈጥብኛለህ?» ብላ ተቆጣችው። በሰባተኛው፣ የሥራ ባልደረባዋ ማክዳ የጠጣችበትን ብርጭቆ አንስታ አሸተተች። በአሥረኛው ቀን ሽታው እንዳይጠራት ከሱፊያን ካፌ ማዶ ባለው መንገድ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አለፈች። ሱፊያን በመስታወቱ አያት። ያን ቀን ማኪያቶ ላዘዙ ሦስት ሰዎች ሻይ ሰጠ ይባላል።

በሃያኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለው ቤቷ «ነገ አበቃ፣ ነገ አበቃ» እያለች ስታንጎራጉር በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎች ናቸው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ፈቀደ ከነከዘራቸው፣ ሐጂ አብዱረህማን ከነኮፍያቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ጉንፋን ይዞት በመቅረቱ «በሁለት ሰው ሽምግልና የለም» ተብሎ ከመንገድ የተያዘ ሰውም አለ፤ ደምመላሽ፣ በውሰት ኮት። ከኋላቸው ሱፊያን ፔርሙስ ታቅፎ ቆሟል።

ደምመላሽ ነገሩን ያውቃልና ሊናገር አፉን ሲከፍት አቶ ፈቀደ በከዘራቸው ጎሸም አደረጉት። «ሽማግሌ ተራውን ይጠብቃል።»

ከዚያ ወደ ሰርክአዲስ ዞሩ። «ልጄ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የተጠጣ ማኪያቶ እንዲሁ አይቀርም። ምን በድሎሽ ነው?»

«ኧረ ምንም አልበደለኝ ጋሼ! የዩኒቨርሲቲ የቤት ሥራ ነው። ነገ ያልቃል።»

ሁለቱ አዛውንት ተያዩ። ማኪያቶ አትጠጡ ብሎ የሚያዝ ዩኒቨርሲቲ በዕድሜያቸው አልሰሙም።

«የተቀየመ ሰው ሰበብ አያጣም» አሉ ሐጂ አዝነው። «ሱፊያን፣ ጥፋትህን አውጣ።»

ሱፊያን ፔርሙሱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «በወተቱ ነው፣ አውቃለሁ። ሲስተር፣ ይቅር በይኝ። ከጥቅምት ወዲህ ግማሹ የዱቄት ወተት ነው።»

«ምን አልክ?!» ሰርክአዲስ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። ስምንት ወር ሙሉ!

«ይኸው!» አሉ አቶ ፈቀደ ደስ ብሏቸው። «ቂሙ ወጣ!»

ከዚህ በኋላማ መውጫ አልነበራትም። በደል ተገኝቷል፣ ይቅርታ ተጠይቋል፣ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሱፊያን ከፔርሙሱ ቀዳ፤ ይሄኛው ዱቄት የለበትም ብሎ ማለ።

«አልጠጣም» አለች። ስድስት ዓመት ለሰው ስታድል የኖረችው ቃል፣ ከራሷ አፍ ሲወጣ ስድብ ሆነ። ሱፊያን ብርጭቆውን እንደዘረጋ ቀረ።

«አንድ ብቻ» አሉ ሐጂ።

«ሽማግሌ ታሳፍሪያለሽ?» አሉ አቶ ፈቀደ።

ደምመላሽ ብቻ ብርጭቆውን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያየው።

ጠጣችው። እውነት ለመናገር እንደዚያ የጣፈጣት ነገር የለም፤ ያም አናደዳት። ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። ደምመላሽ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ወደ ኋላ ቀረ፤ እሷ ቀና ብላ ልታየው አፈረች።

«አይዞዎት ሲስተር» አላት። «ነገ አንድ ብለው ይጀምራሉ። እኔ አስራ አራት ጊዜ ጀምሬያለሁ።»

ብቻዋን ስትሆን ላፕቶፗን ከፈተች። «ሃያኛ ቀን፤ አልጠጣሁም» ብላ ጻፈች። ማን አየኝ? አጠፋችው። እንደገና ጻፈችው፤ እንደገና አጠፋችው። በመጨረሻ ግማሽ ውጤቷን እንደሸኘች ቆጥራ፣ ከፔርሙሱ እስከ ከዘራው ሁሉንም ጻፈችና ላከች።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። «ሠላሳ ተማሪዎች አሉኝ» ይላል ዶክተር ኢዩኤል፤ «ሃያ ዘጠኙ ሃያ አንዱን ቀን ያለ እንከን ጨረስን ብለዋል። ያመንኩት እርስዎን ብቻ ነው።» አልፋለች። በደስታ እልል ልትል ነበር፤ ግን ደምመላሽን በዚያ የውሰት ኮት አስታወሰችና ተወችው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ደምመላሽ መጣ። እንደ ልማዱ ተግሣጹን በቁሙ ሊቀበል በሩ ሥር ቆመ። ሰርክአዲስ ወንበር ሳበችለት።

«ለመሆኑ» አለችው፣ «አንተንስ አንድ ብቻ የሚልህ ማነው?»

ደምመላሽ ወንበሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ተቀመጠ።

«ብዙ ናቸው፣ ሲስተር» አለ። «ጊዜ አለዎት?»