ሦስቱ የአመዶ እንስቶች

መነጽር ቤቱ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የአንድ ባለሙያ ናት። መስታወቱ ከመነጽሩ ክፈፍ ጋር እስኪገጥም ድረስ ሲሞርድ ይውላል። ደንበኛ ቆሞ ሲቁነጠነጥ፣ የሱቁ ባለቤትም መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "ቶሎ በል እንጂ" ሲለው፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።" ይህን ከማብዛቱ የተነሳ ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ "እንቁሌ" ይለው ጀመር። አልተቀየመም፤ ሰዎቹም አልተሳሳቱም። ሻይ ሲያማስል እንኳ ስኳሩን እንዳያመው የሚጠነቀቅ ሰው ነው።

ሳሎኑ ውስጥ፣ ለቴሌቪዥን ተብሎ በተሠራው መደርደሪያ ላይ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ወንበር ላይ ነው። ሚስቱ ላውንደሪ ውስጥ የሰው ልብስ ስትተኩስ ውላ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የባሏን ጀርባ ነው። ጎንበስ ብሎ ውሃው ላይ አፍጥጧል። "እኔም ጭራ ቢኖረኝ ኖሮ እንዲህ ታየኝ ነበር" ትለዋለች። ይስቃል፤ ዞር ግን አይልም።

ገንዳው ውስጥ ያለው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። አውራ ጣት የሚያክል፣ መልኩ አመድ የመሰለ ወንድ ዓሣ። ዓሣ አርቢዎች "አመዶ" ይሉታል። እንግዳ ሁሉ "ይሄ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እውነትም ለዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። ነገር ግን እንስት አጠገቡ ስትመጣ የተዳፈነ ፍም እንደተገለጠ ሁሉ ከጉንጩ እስከ ጭራው አንድ ቀይ መስመር ይበራበታል። እንቁሌ ይህን አይቶ ነበር። አብራው የነበረችው እንስት ከሞተች ወዲህ ግን ዓሣው አንድም ቀን አልበራም።

አመዶ ድሮ የሚኖረው በአንዲት ወንዝ ውስጥ ብቻ ነበር። ወንዟ ተገደበች፤ ከግድቡ በታች ጠጠር ብቻ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አመዶ ማለት በሰው ሳሎን የተረፈው ነው፤ የተረፈውም ባለቤቱ ሲሰለች፣ መብራት ሲጠፋ፣ ቤት ሲቀየር እያለቀ ሄደ። የእንቁሌም ዓሣ አርጅቷል። እንስት ካልተገኘለት ዘሩ እዚያው፣ ከቴሌቪዥኑ ወንበር ጎን ሊያልቅ ነው። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውምና ጎረቤት ነገሩን ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። ጎረቤት ምን ሥራ አለው። እንቁሌ ግን የሚፈልገው ያቺን ቀይ መስመር አንድ ጊዜ ማየትና፣ ከሱ ቀጥሎም የሚያያት ሰው እንዲኖር ነበር።

ፍለጋው አደከመው። ዓሣ የሚሸጡትን ሱቆች አዳረሰ፤ ሁሉም ያላቸው ያው ወርቃማ ዓሣ ነው። አንዱ ሻጭ አመድ የመሰለ ዓሣ ማን ይገዛል ብሎ ሳቀበት፤ ይህ ሻጭ በኋላ ይመጣል። በስልክ የዓሣ አርቢዎች ቡድን ውስጥ ገባና በየሳምንቱ "የአመዶ እንስት ያለው" እያለ ይጽፍ ጀመር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከማያውቀው ሰው ሁሉ ገዛ። አንዱ ፎቶ ልኮ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ከነፎቶው ጠፋ። ሌላው እንስት ናት ብሎ የላካት ስታድግ ወንድ ሆና ቁጭ አለች፤ የአመዶ ግልገል ወንድና ሴቱ አይለይም። ሁለቱ ወንዶች ተናክሰው እንግዳው ሞተ። ሚስቱ ያን ሰሞን አልቀለደችም። ባሏ ምግብ ስታቀርብለት ማንኪያውን ይዞ ይቀር ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ የድምፅ መልእክት ደረሰው። የአሮጊት ድምፅ ነው። በሌላ ከተማ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ አዋላጅ መሆናቸውን፣ አመዶ ከወንዟ መድረቅ በፊት ጀምሮ ቤታቸው እንዳለ፣ አሁን ግን እግራቸው ከድቷቸው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ፣ እዚያ ደግሞ ገንዳ የሚባል ነገር እንደማይገባ ስለተነገራቸው ዓሦቹን የሚገዛ ሰው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሦስት እንስቶች አሉኝ አሉ። እንቁሌ መንገድ ላይ ቆሞ መልእክቱን ደጋግሞ ሰማው። ሰዎች እየገፉት ያልፉ ነበር።

ሲደውልላቸው አዋላጇ ልጃቸውን የሚድሩ ይመስል መረመሩት። ውሃውን የሚቀይረው ማነው? ቢታመም ማን ያያቸዋል? ሚስቱስ ዓሣ ትወዳለች? እንቁሌ ይህን ጥያቄ ሚስቱን እያየ "ትወዳለች" ብሎ መለሰ፤ ሚስቱም ዓይኗን ወደ ጣሪያው አደረገች። በነጻ ልስጥህ አላሉትም። በነጻ የመጣ እንስሳ በነጻ ይሞታል ብለው ትንሽም ብትሆን ዋጋ አስከፈሉት። ራሱ ሄዶ ሊያመጣቸው ፈልጎ ነበር፤ የሱቁ ባለቤት ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ፈቃድ የለም አለ። አዋላጇ ደግሞ ቤቱን በዚያው ሳምንት ማስረከብ ነበረባቸው። ስለዚህ ሦስቱ እንስቶች በአየርና በውሃ በተሞላ ላስቲክ ታሽገው፣ በሳጥን ሆነው፣ ለአውቶቡስ ረዳት ተሰጡ።

አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አደረ። እንቁሌ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ቆሞ ሲንቆራጠጥ፣ ረዳቱ ሳጥኑን ከዕቃ መሃል አውጥቶ ሰጠው። እዚያው ከፍቶ አየ። ሦስቱም በሕይወት አሉ። ላስቲኩን በኮቱ ሸፍኖ፣ እንዳይናወጡ ብሎ ታክሲ እንኳ ሳይይዝ በእግሩ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ጠንቃቃ አርቢ ያደርገዋል። ዓሣ ውሃ በድንገት ሲቀየርበት ይጎዳል። ስለዚህ ላስቲኩን ፈታ፣ እንስቶቹን ከነመጡበት ውሃ ባልዲ ውስጥ አደረጋቸው፣ ከገንዳው ወደ ባልዲው ቀጭን ቱቦ ዘረጋ፣ ቱቦውን ቋጥሮ ውሃው ጠብ ጠብ እንዲል አደረገ። አዲሱን ውሃ በጠብታ ይለምዱታል ማለት ነው። ወንበር ስቦ ባልዲው አጠገብ ተቀመጠ። ሚስቱ ገብታ ምነው አታስገባቸውም ስትለው፣ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ። የእንቁላሏን ተረት ነው ያላት።

መጀመሪያ አንዷ ወደ ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሁለተኛዋ። እንቁሌ ድካም ነው ብሎ ጠብታውን ይበልጥ አዘገየው። ሦስተኛዋ በጎኗ ስትተኛ ነው የደነገጠው፤ ሁሉንም በመረብ አፍሶ ገንዳው ውስጥ ጨመራቸው። ሁለቱ ወዲያው ሰመጡ። አንዷ ጥቂት ተንፈራገጠች። አሮጌው ወንድ ከድንጋዩ ጀርባ ወጣ፣ ተጠጋት፣ ቀዩ መስመርም ከጉንጩ እስከ ጭራው በራ። በሚሞተው ሰውነቷ ዙሪያ ክንፉን ዘርግቶ ይዞራት ነበር። እንቁሌ ያን ያህል የናፈቀውን ነገር አየ፤ አይቶም ፊቱን ሸፈነ።

እጁን ሳያደርቅ ስልኩ ጮኸ። አዋላጇ ናቸው።

"ደረሱ?" አሉት።

"ደረሱ፣ እማማ።"

"በሉ?"

ይህን ለምን እንደጠየቁ አላወቀም። አንዲት አሮጊት ስለ ዓሣ ስትጨነቅ የምትጠይቀው ጥያቄ መሰለው። ከበስተጀርባቸው ዕቃ ሲጎተት፣ ሰው ካርቶን ሲያሽግ ይሰማል። ቤታቸውን እየለቀቁ ነው። በዚህ ላይ ይሄን አልጨምርባቸውም ብሎ አሰበ፤ አፈረም።

"በሉ" አለ። "ጥሩ አድርገው በልተዋል።"

አዋላጇ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እንግዲህ ዐረፍኩ" አሉና ዘጉት።

ሚስቱ ሦስቱን እንስቶች በመረብ እያወጣች፣ መልሶ ደውሎ እውነቱን እንዲነግራቸው ለመነችው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ በኋላ መያዝህ አይቀርም አለችው። ልጃቸው ቤት ይደላደሉና እነግራቸዋለሁ አላት። ይህ ሰው ለምንም ነገር ቸኩሎ አያውቅም።

በማግስቱ ያ የሳቀበት ዓሣ ሻጭ ጋ ሄዶ የሆነውን ነገረው። ሻጩ ይህን ጊዜ አልሳቀም። ዓሣ ታሽጎ ሲያድር ውሃው በዓሣው ቆሻሻ እንደሚበከል፣ ላስቲኩ እንደታሸገ መርዙ እንደሚተኛ፣ ተከፍቶ አየር ሲያገኘው ግን እንደሚነቃ ነገረው። አድሮ የመጣ ዓሣ ላስቲኩ እንደተፈታ ወዲያውኑ ወጥቶ ንጹሕ ውሃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ይህን ስህተት ግድየለሽ ሰው አይሠራውም። ግድየለሽ ሰው እንዳመጣቸው ገንዳው ውስጥ ይለቃቸውና ይተርፉ ነበር። የገደላቸው ጥንቃቄው ነው። እንቁሌ ሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ወሩ ሲያልቅ ፈቃድ አግኝቶ ወደ አዋላጇ ከተማ ተሳፈረ። በስልክ የሚነገር ነገር አልመስል ብሎት ነበር። የልጃቸው ቤት ፎቅ ላይ ነው። አንድ አልጋ፣ ያልተፈቱ ካርቶኖች፣ ምንም ያልተቀመጠበት የመስኮት ደፍ። አዋላጇ ዱላቸውን ተደግፈው ሻይ ቀዱለት፣ ሚስቱን በጤና ጠየቁ፣ ከዚያ ፊታቸው በርቶ ስለ ዓሦቹ ጠየቁ።

"ሞተዋል፣ እማማ" አለ እንቁሌ። "ሦስቱም። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

አዋላጇ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። መቼ እንደሆነ ጠየቁት።

"የደረሱ ዕለት። እርስዎ ሲደውሉ ሞተው ነበር።"

"በሉ አልከኝ እኮ።"

"ላስከፋዎት አልፈለግሁም።"

እንቁሌ ቁጣ ጠብቆ ነበር፤ አዋላጇ ግን አልተቆጡም። የተናገሩት ቀስ ብለው፣ ለማያውቅ ልጅ እንደሚያስረዱ ሆነው ነው። ድሮ አመዶ የሚያረቡ ሰዎች ሲሸጡ ሁሉንም አይልኩም። አንድ ወንድና አንዲት እንስት ደብቀው ያስቀራሉ። ለገዢው አይነገርም፤ ሌላ አለ ብሎ እንዳይዘናጋ። ገዢው "ደረሱ" ቢል አይበቃም፤ ሊሞት ያለ ዓሣም ይደርሳል። "በሉ" ያለ ቀን ግን የቀሩት ሁለቱ ነጻ ይሆናሉ፤ ሻጩ እንዳሻው ያደርጋቸዋል።

"እኔም ሁለት አስቀርቼልህ ነበር" አሉ።

"የት አሉ?" አለ እንቁሌ።

"ቤቱን ማስረከቤ ነበር። በልተዋል ስትለኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ትልልቅ ዓሣ ነው ያለው፤ እነሱ ገንዳ ውስጥ ጨመራቸው። እስከ ምሳ ሳይቆዩ ዋጧቸው አለኝ። እኔም አላዘንኩም፤ አንተ ጋ አሉ ብዬ።"

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱ ላይ አሳረፉ። ስንት ሕፃን የተቀበለ እጅ ነው።

"ምነው ልጄ" አሉት፣ "ሞቱ ብትለኝ እኮ እነዚያን እልክልህ ነበር።"